በኦፕራሲዮን መውለድና የልጆች አስም፦ ጥናቶቹ የሚሉት፣ እናቶች የሚባሉት

በኦፕራሲዮን የተወለደ ልጅ ከሌላው ልጅ ይልቅ ለአስምና ለአለርጂ ይጋለጣል የሚለው አባባል ከሕክምና መጽሔቶች ወጥቶ በየአራስ ቤቱ መነገር ከጀመረ ሰንብቷል። ሐኪም በችኮላ የተናገረው ግማሽ ዐረፍተ ነገር፣ በስልክ የተላከ አጭር ቪዲዮ፣ ዘመድ ከጎረቤት የሰማችው ወሬ ይደማመርና መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ልጇ ሌሊቱን ሲያስለው በምታድር እናት ላይ ነው። «ምጥ ስላልቀመሰ ነው ደረቱ ያልጠነከረው» ይሏታል። አባባሉ ከፊሉ እውነት ስላለበት በቀላሉ አይስተባበልም፤ ከፊሉ ደግሞ ስሕተት ስለሆነ ዝም ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም።

እኔ ሁለተኛ ልጄን የወለድሁት በኦፕራሲዮን ነው። የእንግዴ ልጁ የማሕፀኔን በር ሸፍኖ ስለነበረ በምጥ ልውለድ ብዬ ብሞክር ደሜ ፈስሶ እንደማልተርፍ ሐኪሙ በግልጽ ነግሮናል። ልጄ ከፍ ሲል ብርድ በመታው ቁጥር ደረቱ ሲር ሲር ማለት ጀመረ፤ ቆይቶም አስም መሆኑ ታወቀ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ወቀሳ ነው ጥናቶቹን አንድ በአንድ እንዳነብ ያደረገኝ። ካነበብሁት የደረስሁበትን አስቀድሜ ልናገር፦ በኦፕራሲዮን መወለድና አስም መካከል ግንኙነት አለ፤ ግንኙነቱ ግን ብዙ ሰው ከሚያስበው እጅግ ያነሰ ነው፤ መንሥኤው ኦፕራሲዮኑ ራሱ ለመሆኑም የቀረበው ማስረጃ ጠንካራ አይደለም። ሕይወቷን ወይም የልጇን ሕይወት ለማትረፍ የተቀደደች እናት በዚህ ጉዳይ የምትወቀስበት አንዳችም ምክንያት የለም።

ከቁጥሩ እንነሣ። በዚህ ርእስ ላይ ሰፊ ዕይታ ከሚሰጡት ሥራዎች አንዱ በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2018 «ፕሎስ ሜዲሲን» በተባለው መጽሔት የወጣው ክለሳ ነው። ክለሳው 80 ጥናቶችን ያሰባሰበ ሲሆን፣ በጥናቶቹ የተካተቱት ሰዎች በድምሩ ወደ 30 ሚሊዮን ይጠጋሉ። በኦፕራሲዮን የተወለዱ ልጆች እስከ 12 ዓመታቸው ባለው ጊዜ አስም የመያዝ ዕድላቸው በምጥ ከተወለዱት በ21 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ከዚያ ቀደም እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሌላ የጥናቶች ድምር ውጤትም ከዚህ እምብዛም የማይርቅ ቁጥር ሰጥቶ ነበር። በየአገሩ፣ በየዘመኑና በየአጠናን ስልቱ የተገኘው ውጤት እንዲህ ሲቀራረብ ነገሩ በአጋጣሚ የመጣ ነው ብሎ መጣል አይቻልም።

ሆኖም «21 በመቶ ጨመረ» የሚለው አነጋገር የሰሚውን ልብ በከንቱ ያስደነግጣል። ብዙ ሰው የሚረዳው በኦፕራሲዮን ከሚወለዱ ከ100 ልጆች 21ዱ አስም እንደሚይዛቸው አድርጎ ነው፤ ቁጥሩ ግን ያንን አይልም። ትርጉሙን ለማየት በስኮትላንድ የተሠራውንና እ.ኤ.አ. በ2015 «ጃማ» በተባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የታተመውን ጥናት እንመልከት። ጥናቱ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2007 በስኮትላንድ የተወለዱ፣ ለእናታቸው የመጀመሪያ የሆኑና ቀናቸውን ሞልተው የተወለዱ 321,287 ልጆችን ተከታትሏል። በአስም ምክንያት ሆስፒታል እስከ መተኛት የደረሱት በምጥ ከተወለዱት መካከል 3.41 በመቶ፣ አስቀድሞ ቀን ተቆርጦለት በተሠራ ኦፕራሲዮን ከተወለዱት መካከል ደግሞ 3.73 በመቶ ነበሩ። ይህም ከ1,000 ልጆች 34 የነበረው ወደ 37 ከፍ አለ ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበሩትን ሌሎች ልዩነቶች በሂሳብ አስተካክለው ያገኙት የአደጋ ጭማሪ 22 በመቶ ነበር፤ ያው 22 በመቶ በቤተሰብ ደረጃ ሲታይ ግን በኦፕራሲዮን ከተወለዱት እጅግ የሚበዙት ልጆች ለአስም ሆስፒታል ሳይተኙ ማደጋቸውን አይለውጠውም። ሐኪሞቻችን ለእናቶች ሲያስረዱ ሁለቱንም ቁጥር አብረው ቢናገሩ ምኞቴ ነው።

ከዚሁ ከስኮትላንዱ ጥናት ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ሌላ ውጤት አለ። ተመራማሪዎቹ አስቀድሞ የታቀደውን ኦፕራሲዮን በድንገት ከተወሰነው ኦፕራሲዮን ጋር ሲያነጻጽሩት በአስም ረገድ ልዩነት አላገኙም። ድንገተኛ ኦፕራሲዮን ከሚደረግላቸው እናቶች ብዙዎቹ ለሰዓታት ያማጡ፣ የእንሽርት ውሃቸው የፈሰሰ፣ አንዳንዶቹም የማሕፀን በራቸው ከሞላ ጎደል የተከፈተ ናቸው። ምጥ «አለመቅመስ» ደረትን የሚያደክም ቢሆን ኖሮ፣ ምጡን ቀምሰው በመጨረሻ በኦፕራሲዮን የወጡት ልጆች ምጥ ካላዩት ተሽለው መገኘት ነበረባቸው። አልተገኙም።

የስዊድን ተመራማሪዎች ደግሞ ነገሩን በሌላ መንገድ ፈትነውታል። ቤተሰብ ከቤተሰብ በብዙ ነገር ይለያያልና፣ ከአንድ እናት ተወልደው አንዱ በምጥ ሌላው በኦፕራሲዮን የመጡ ወንድማማቾችንና እኅትማማቾችን እርስ በርስ አነጻጸሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ይህ ሥራ እንዳሳየው፣ ልጆቹ 13ኛ ዓመታቸው ላይ የሚወስዱት የአስም መድኃኒት ሲታይ፣ ከታቀደ ኦፕራሲዮን ጋር የነበረው ግንኙነት በወንድማማቾች መካከል ሲለካ ጠፋ፤ ከድንገተኛው ኦፕራሲዮን ጋር ያለው ግን ቀረ። አጥኚዎቹም መንሥኤው ሕፃኑ የእናቱን ረቂቅ ተሕዋስያን ሳያገኝ መቅረቱ ሳይሆን፣ ድንገተኛውን ኦፕራሲዮን ግድ ያደረገው ችግር ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል። በእኔ አስተያየት ይህ በእናቶች ዘንድ ከሁሉ ይልቅ መታወቅ የነበረበት ውጤት ነው። አስም ያለባት እናት በኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድሏ ከሌሎች ከፍ ይላል፤ አስምም በዘር ይተላለፋል። ያለጊዜው የሚወለድ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በኦፕራሲዮን ነው፤ ሳንባው ያልጠነከረውም ያለጊዜው በመወለዱ ነው። እንዲህ ያሉ ነገሮች ከኦፕራሲዮኑ ጋር አብረው ስለሚጓዙ የቱ ምን እንዳመጣ መለየት አስቸጋሪ ይሆናል።

ታዲያ የረቂቅ ተሕዋስያኑ ነገር ከየት መጣ? መነሻው የቆየ ነው። ዴቪድ ስትራቻን የተባሉ እንግሊዛዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ፣ በመጋቢት 1958 የተወለዱ ከ17,000 በላይ የብሪታንያ ልጆችን መረጃ መርምረው፣ ታላላቅ ወንድምና እኅት የበዛላቸው ልጆች በአበባ ብናኝ ምክንያት የሚመጣው የአፍንጫ አለርጂ እንደሚቀንስላቸው አሳዩ። ከዚያ በመነሣት፣ በሕፃንነት ከተሕዋስያን ጋር መተዋወቅ የሰውነትን የመከላከል ሥርዓት እንደሚያሠለጥነው፣ ይህን ሥልጠና ያጣ ሰውነት ግን ጉዳት የሌለውን አቧራና ምግብ ሳይቀር እንደ ጠላት እንደሚያይ የሚገልጽ አስተሳሰብ እየሰፋ ሄደ።

እ.ኤ.አ. በ2010 በቬኔዙዌላ የአማዞን ግዛት በፖርቶ አያኩቾ ከተማ በ9 እናቶችና በ10 አራስ ልጆቻቸው ላይ የተሠራ ትንሽ ጥናት ይህን አስተሳሰብ ከአወላለድ ጋር አገናኘው። በምጥ የተወለዱት ሕፃናት ገላ ላይ የተገኙት ተሕዋስያን በእናታቸው ብልት ውስጥ የሚኖሩት እንደ ላክቶባሲለስ ያሉት ሲሆኑ፣ በኦፕራሲዮን በተወለዱት ላይ የተገኙት ደግሞ እንደ ስታፊሎኮከስ ያሉ የቆዳ ተሕዋስያን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 «ኔቸር» ላይ የወጣው የብሪታንያ ጥናት በ596 ሕፃናት ሰገራ ላይ ሰፋ ያለ ምርመራ አድርጎ፣ በኦፕራሲዮን የተወለዱት ባክቴሮይድስ የተባለው ጠቃሚ ተሕዋስ እንደሚያንሳቸው፣ በአንጻሩም በሆስፒታል አካባቢ የሚገኙ እንደ ኢንትሮኮከስና ክሌብሲየላ ያሉ ተሕዋስያን በአንጀታቸው እንደሚበዙ አረጋገጠ። ነገር ግን ሕፃናቱ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ሲደርሱ፣ ከባክቴሮይድስ በስተቀር፣ ልዩነቱ በአብዛኛው ጠብቦ ተገኝቷል።

እዚህ ላይ የኮፐንሃገኑ ጥናት እጅግ ይረዳናል። የዴንማርክ ተመራማሪዎች 700 ልጆችን ከልደታቸው ጀምረው ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ሥራ፣ በኦፕራሲዮን መወለድ በስድስት ዓመት ዕድሜ ከሚታይ አስም ጋር የተያያዘው በሁሉም ልጆች ላይ ሳይሆን፣ አንድ ዓመት ሲሞላቸውም የአንጀታቸው ተሕዋስያን አሁንም የኦፕራሲዮን መልክ እንደያዙ በቀሩት ልጆች ላይ ብቻ መሆኑን አሳዩ። በዓመቱ ውስጥ የአንጀታቸው ተሕዋስያን በወጉ የበሰሉላቸው ልጆች በኦፕራሲዮን ቢወለዱም የአስም አደጋቸው አልጨመረም። ይህ ውጤት ካነበብኋቸው ሁሉ ይልቅ ተስፋ የሚሰጥ ሆኖ አግኝቸዋለሁ፤ በልደት ቀን የሆነው ነገር በሚቀጥሉት ወራት ሊስተካከል እንደሚችል ይጠቁማልና።

ስለ ምግብ አለርጂም አንድ ነገር ልበል፤ ወላጆች እንቁላል ወይም ለውዝ ለልጃቸው ለመስጠት ሲፈሩ ብዙ ጊዜ «በኦፕራሲዮን ስለተወለደ» ሲሉ ሰምቻለሁ። በሜልበርን፣ አውስትራሊያ፣ ከ2,000 በላይ የአንድ ዓመት ሕፃናት በወላጅ ቃል ብቻ ሳይሆን ምግቡን በሐኪም ፊት አብልቶ በማረጋገጥ በተደረገ ምርመራ፣ የምግብ አለርጂ የተገኘባቸው በኦፕራሲዮን ከተወለዱት 12.7 በመቶ፣ በምጥ ከተወለዱት ደግሞ 13.2 በመቶ ነበሩ። ልዩነት የለም ማለት ነው። በተለምዶ ችፌ የምንለው የቆዳ አለርጂም ከአወላለድ ጋር ያለው ግንኙነት ደካማ ነው። ስለዚህ «አስምና አለርጂ» እየተባለ በአንድ ላይ የሚነገረው አባባል በአስም በኩል ትንሽ ድጋፍ ሲኖረው፣ በምግብ አለርጂ በኩል ግን ይህ ነው የሚባል ድጋፍ የለውም።

በአገራችን የተሠራ አንድ ጥናት ከዚህ ጉዳይ ጋር አብሮ መነሣት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1997 «ላንሴት» በተባለው የብሪታንያ መጽሔት የታተመው ይህ ጥናት በጅማ ከተማና በአካባቢዋ ገጠር የሚኖሩ ከ12,000 በላይ ሰዎችን ጠይቆ፣ አስም አለብኝ ያሉት በከተማው 3.6 በመቶ፣ በገጠሩ ደግሞ 1.3 በመቶ መሆናቸውን አገኘ። በተጨማሪም የቤት አቧራ ውስጥ ለሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት ቆዳቸው የሚቆጣ ሰዎች በገጠሩ ይበዙ ነበር፤ ይሁን እንጂ ያ የቆዳ መቆጣት በከተማ ከደረት ማፏጨት ጋር ሲያያዝ በገጠር አልተያያዘም። ተመራማሪዎች ቆይተው በዚያው አካባቢ የአንጀት ትላትሎች፣ በተለይም መንጠቆ ትል፣ በዚህ ውስጥ ድርሻ ይኖራቸው እንደሆነ መርምረዋል። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ገጽታ ነው። በእነዚያ ዓመታት በኢትዮጵያ በኦፕራሲዮን የሚወለድ ሕፃን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም ነበር፤ ሆኖም አስም በከተማ ከገጠሩ ከእጥፍ በላይ ነበር። ጭሱ፣ መኖሪያ ቤቱ፣ አመጋገቡ፣ መድኃኒቱ፣ ከከብትና ከአፈር መራቁ፣ ሁሉም ከኦፕራሲዮን መስፋፋት በፊት ሥራቸውን ጀምረው ነበር ማለት ነው። ልጆቻችን ላይ ለሚታየው የአስም መበራከት ኦፕራሲዮንን ዋና ተጠያቂ ማድረግ ከዚህ ታሪክ ጋር አይሄድም።

ይህን ሁሉ ስል ኦፕራሲዮን ለሕፃኑ ሳንባ ምንም ማለት አይደለም ማለቴ አይደለም። በማሕፀን ያለ ልጅ ሳንባው በፈሳሽ የተሞላ ነው። ምጥ ሲጀምር በሕፃኑ ሰውነት የሚመነጩት ሆርሞኖች፣ በተለይም አድሬናሊን፣ ሳንባው ፈሳሹን ማመንጨት አቁሞ መምጠጥ እንዲጀምር ያደርጉታል። ምጥ ሳይጀምር በተቆረጠ ቀን የሚወጣ ልጅ ይህን ዝግጅት ሙሉ በሙሉ ሳያገኝ ስለሚወለድ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትንፋሹ ሊፈጥንና ኦክስጅን ሊያስፈልገው ይችላል። ይህ ችግር አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ያልፋል፤ የመድረሱ ዕድል ግን በእርግዝናው ሳምንታት ቁጥር ይወሰናል። በአሜሪካ በድጋሚ በታቀደ ኦፕራሲዮን በወለዱ እናቶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው፣ በ37ኛው ሳምንት ከወጡት ሕፃናት 15.3 በመቶ፣ በ38ኛው 11 በመቶ፣ በ39ኛው ግን 8 በመቶ የሚሆኑት የአተነፋፈስና መሰል ችግር ገጥሟቸዋል። በከተሞቻችን የኦፕራሲዮን ቀን ከበዓል፣ ከባል ፈቃድ ወይም ከሐኪም ጉዞ ጋር እንዲገጥም አንድ ሁለት ሳምንት ቀደም ሲደረግ አያለሁ። አስቸኳይ ምክንያት ከሌለ 39ኛውን ሳምንት መጠበቅ ለሕፃኑ ደረት የሚደረግ እርግጠኛ እንክብካቤ ነው፤ እናቶች ይህን በድፍረት ቢጠይቁ መብታቸው ነው።

ከኦፕራሲዮን በፊት ለእናቲቱ የሚሰጠው ፀረ ተሕዋስ መድኃኒትም የሕፃኑን ተሕዋስያን ይነካል በሚል የሚሰጋ አለ። ስጋቱ መሠረት የለውም ባይባልም፣ ያ አንድ መርፌ እናቲቱን ከቁስልና ከማሕፀን መመረዝ የሚጠብቃት ስለሆነ የዓለም ጤና ድርጅትም ቆዳ ከመቀደዱ በፊት እንዲሰጥ ይመክራል። ይቅርብኝ የሚባል ነገር አይደለም።

በማኅበራዊ ሚዲያ ደግሞ የእናትን የብልት ፈሳሽ በጨርቅ አንሥቶ በኦፕራሲዮን የተወለደውን ሕፃን አፍና ገላ መቀባት እንደ መፍትሔ ሲቀርብ ይታያል። ሐሳቡ የመጣው ከምርምር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ሙከራ ለ4 ሕፃናት ተደርጎ ተሕዋስያናቸው በከፊል በምጥ ወደተወለዱት ልጆች እንደተጠጋ ታይቷል። አስምን እንደሚከላከል ግን ያ ሙከራ አላሳየም። የአሜሪካ የማሕፀንና የጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ2017 ከምርምር ውጭ እንዳይደረግ አሳስቧል፤ እናቲቱ ሳታውቀው የምትሸከመው የሄርፒስ ቫይረስ ወይም ሌላ ተሕዋስ ለአራስ ልጅ ሞት ሊሆን ይችላልና። ቤት ውስጥ ይህን የምትሞክር እናት ካለች እባክሽ ተዪው እላታለሁ። ኮሌጁ ራሱ በምትኩ ያስቀደመው ጡት ማጥባትን ነው።

ጡት ማጥባት በእኛ አገር ባህል ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ችግሩ የሚመጣው ከኦፕራሲዮን በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ነው። እናቲቱ ታምማለች፣ አልተነሣችም፣ ማደንዘዣው አልለቀቃትም እየተባለ ሕፃኑ በቤተሰብ እጅ ይቆያል፤ በዚያ መሐል ስኳር በውሃ፣ የቆርቆሮ ወተት ወይም ለአንጀቱ ይበጀዋል ተብሎ ቅቤ ይቀምሳል። ዛሬ ግን አብዛኛው ኦፕራሲዮን የሚደረገው ከወገብ በታች ብቻ በሚያደነዝዝ መድኃኒት ስለሆነ እናቲቱ ነቅታ ልጇን ታያለች፤ ደህና እስከሆነች ድረስ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አስተኝቶ በመጀመሪያው ሰዓት ማስጠባት ይቻላል። እንገሩ የሕፃኑን አንጀት የሚጠብቁ ንጥረ ነገሮች ያሉበት ሲሆን፣ በጡት ወተት ውስጥ የሚገኙት ልዩ ስኳሮችም ሕፃኑ ራሱ የማይፈጫቸው፣ ቢፊዶባክቴሪየም የተባሉት ጠቃሚ ተሕዋስያን ግን የሚመገቧቸው ናቸው። አጠገቧ የምትሆነው እናት፣ እኅት ወይም አክስት በዚያች ሰዓት የምታደርገው እገዛ፣ ልጁን አቅፎ ደረቷ ላይ መያዝ፣ ትራስ ማስተካከል፣ ቅቤና ጠርሙስ የሚያቀርበውን ዘመድ በአክብሮት መመለስ፣ ከገንፎው ያልተናነሰ ዋጋ አለው።

የሚቀጥለው ነገር የቤቱ አየር ነው። አራስ ብርድ እንዳይመታት በሩና መስኮቱ ተዘግቶ፣ ከሰል ተቀጣጥሎ፣ ዕጣን ጨሶ፣ ቡና ተፈልቶ ሕፃኑ በጭስ ውስጥ ይውላል። ይህ ሁሉ በፍቅር የሚደረግ መሆኑን አውቃለሁ፤ የከሰል፣ የማገዶና የላምባ ጭስ የሕፃናትን ሳንባ እንደሚጎዳ ግን ጥርጥር የለውም፤ ቤት ውስጥ የሚጨስ ሲጋራም እንዲሁ። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሎ ዕጣኑን አራስ ካለችበት ክፍል ማራቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ለጉንፋን ሁሉ ከመድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መስጠትም ሌላው ሊቀር የሚችል ነገር ነው፤ አብዛኛው የሕፃናት ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ መድኃኒቱ አይጠቅመውም፤ ገና በመገንባት ላይ ያሉትን የአንጀቱን ተሕዋስያን ግን ያመናምናቸዋል።

አስሙ ከመጣ ደግሞ መታከም አለበት። ሌሊትና ንጋት ላይ የሚብስ ሳል፣ ሲሮጥ ወይም ሲስቅ የሚነሣ ሳል፣ ደጋግሞ የሚመጣ የደረት ማፏጨት ያለበትን ልጅ «ብርድ ነው» እያሉ ማሳለፍ አይገባም። የሚነፋው መድኃኒት ሱስ ያስይዛል የሚለው ፍርሃት ብዙ ልጆችን ከሚገባቸው ሕክምና አስቀርቷል፤ ሱስ አያስይዝም፤ በየቀኑ የሚወሰደው የመከላከያ ፓፍ በሐኪም በታዘዘው መጠን ሲወሰድ ልጁን ከድንገተኛ ክፍል ያድነዋል። ልጄ ከእኩዮቹ ጋር ኳስ የሚጫወተው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ አገራችን ሁኔታ ልመለስ፤ ስለ ኦፕራሲዮን ጉዳት ብቻ መጻፍ በኢትዮጵያ አደገኛ ይሆናልና። እ.ኤ.አ. የ2016 የሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው፣ ከጥናቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት በአገር አቀፍ ደረጃ በኦፕራሲዮን የተወለዱት 2 በመቶ ብቻ ሲሆኑ በአዲስ አበባ ግን 21 በመቶ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በሕዝብ ደረጃ ኦፕራሲዮን ወደ 10 በመቶ እስኪደርስ ድረስ የእናቶችና የአራስ ልጆች ሞት እንደሚቀንስ፣ ከዚያ በላይ ሲጨምር ግን በሞት ቅነሳ ረገድ ትርፉ እንደማይታይ ገልጿል። ስለዚህ በአንድ አገር ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ችግሮች አሉን። በገጠር ለቀናት አምጣ ልጇን የምታጣ፣ ከዚያም ሽንቷን መቆጣጠር ተስኗት በፊስቱላ የምትሠቃይ ሴት አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የተከፈተው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ ያከማቸው የእናቶች ታሪክ በአብዛኛው በጊዜው ያልደረሰ ኦፕራሲዮን ታሪክ ነው። ለዚያች ሴት ስለ አስም ማውራት ነውር ነው። በከተማ ደግሞ፣ በተለይ በግል ሆስፒታሎች፣ የሕክምና ምክንያት ሳይኖረው ለምቾት ወይም ምጥን በመፍራት የሚደረገው ኦፕራሲዮን እየበዛ ሄዷል። ምጥን መፍራት የሚያሳፍር አይደለም፤ ብዙዎቻችን በማዋለጃ ክፍል የሚደርሰውን ጩኸትና ቁጣ ሰምተን አድገናል። መልሱ ግን በክብር የሚያዋልድ ባለሙያና የምጥ ማስታገሻ እንጂ ቢላዋ መሆን የለበትም። በዚህ ሁኔታ ላይ ላለች እናት የአስሙ አደጋ ትንሽም ቢሆን ሊነገራት ይገባል፤ ምርጫው የእሷ የሚሆነው ካወቀች ብቻ ነውና።

በዚህ ሰሞን በመጀመሪያው በኦፕራሲዮን የወለደች ነፍሰ ጡር ጎረቤቴ «ይህኛው ልጅ አስም እንዳይዘው በምጥ ልሞክር ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ውሳኔውን የሚሸከመው ምክንያት አስም ሊሆን አይገባም አልኋት። መጠየቅ ያለባት የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ስለምን እንደተሠራ፣ ማሕፀኗ የተቀደደው በታችኛው ክፍል በአግድም መሆን አለመሆኑን፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳለፈ፣ የምትወልድበትም ሆስፒታል ሌሊትም ሆነ በበዓል ቀን ወዲያውኑ ቀዶ ሕክምና መሥራት መቻሉን ነው። በምጥ ጊዜ የቀድሞው ጠባሳ ሊተረተር የሚችልበት አደጋ አለ፤ አነስተኛ ቢሆንም ሲደርስ ደቂቃዎች ይቆጠራሉ። በሌላ በኩል ኦፕራሲዮን በተደጋገመ ቁጥር የእንግዴ ልጁ ወደ ማሕፀን በር የመውረዱና ከጠባሳው ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ የማለቱ አደጋ ይጨምራል፤ ይህም ሦስትና አራት ልጅ መውለድ ለምትፈልግ ሴት ከአስም ይልቅ እጅግ የሚከብድ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያውን ኦፕራሲዮን ከሠራው ሆስፒታል የካርዷን ቅጂ እንድታወጣና በሚቀጥለው የእርግዝና ክትትሏ ለሐኪሟ እንድታሳይ ተስማምተናል።